አስረኛዋ

«ዘጠኝ ናቸው፤ አንድ ይጎድለናል» ያለው የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ነበር። «እንግዲያው የእኔን እህት ጻፋት» ያለው ደግሞ ሊቀ መንበሩ፣ ወንድሟ።

ይህ የሆነው በልደት ዋዜማ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እሷ ከዕቃ ቤቱ ትልቅ ቁም ሣጥን ጀርባ ተንበርክካ የሰብአ ሰገልን ምስሎች አቧራ ትጠርጋለች። በዚህ አጥቢያ ልማድ እረኞቹና በጎቹ በልደት ዋዜማ ግርግሙ ዙሪያ ይደረደራሉ፤ ሰብአ ሰገል ግን «ገና መንገድ ላይ ናቸው» ተብሎ እስከ ጥምቀት ድረስ ከነግመላቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ይከርማሉ። ሁለቱ ሰዎች ሲገቡ ሳል ብላ መኖሯን ልታሳውቅ ነበር። ከንፈሯ መሀል ሁለት መርፌ ቁልፍ ነክሳ ስለነበር ቶሎ አልሆነላትም፤ ኋላ ደግሞ የሰማችው ነገር አፏን ጨርሶ ዘጋው።

«ቅር አይላቸውም?» አለ ጸሐፊው።

«እሷን? እሷ ለእኔ ስትል እሳት ውስጥ ትገባለች» አለ ወንድሟ እየሳቀ። «ደግሞስ ምን ይጎድላታል? ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ የላትም፣ ከሥራ ወጥታለች። ከሌሎቹ ሁሉ አብልጣ መስፈርቱን ታሟላለች። እህቴ መሆኗን ብቻ እንዳታነሣው፤ ለእንግዳውም ለመጽሔቱም ደስ አይልም። ልብስ ተኳሽ በላት፣ በቃ።»

እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲንሸራተት ተሰማ። ከዚያ በሩ ተዘጋ፤ የሁለቱ ጫማ ኮቴ በድንጋዩ ወለል ላይ እያነሰ እያነሰ ሄደ።

ነገሩ ምን እንደሆነ የሚያስረዳት ሰው አላስፈለጋትም። በየዓመቱ በዋዜማው ጸሎት መካከል አስር ችግረኞች ስማቸው እየተጠራ ወደ ፊት ይወጣሉ፤ ለብርዱ ወራት የሚሆን ስጦታ ይቀበላሉ። ዘንድሮ ብርድ ልብሶቹን የሰጠው የፋብሪካ ባለቤት ራሱ እንግዳ ሆኖ ስለሚገኝ በታተመው የመርሐ ግብር ወረቀት ላይ «ለአስር ወገኖች» ተብሎ በደማቁ ተጽፏል። ከአስሩ አንዱ፣ በከዘራ የሚሄዱት ሽማግሌ፣ ባለፈው ሳምንት ሞቱ። ወረቀቱ ታትሟል፣ እንግዳው ይመጣል፣ ቁጥሩ መሙላት አለበት። «ከእነዚያ ጋር?» አለች በሆዷ። አስቀድሞ የመጣላት ሐሳብ ይሄ ነው። ስለ ወንድሟ ማሰብ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱን ማሰብ ስትጀምር ደግሞ መርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አውጥታ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ብርዱ በቀሚሷ አልፎ አጥንቷ እስኪደርስ ድረስ አልተነሣችም።

በሠፈሩ እትዬ ካውያ ነው የሚሏት። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ስትተኩስ ኖራለች። ከአራት ወር በፊት አንሶላውን በአንድ በኩል ውጦ፣ በሌላው በኩል ተኩሶና አጥፎ የሚተፋ ማሽን መጣና ከስድስት ጓደኞቿ ጋር «እናመሰግናለን» ተባለች። የቤተ ክርስቲያኑን ጨርቅ የምትሠራው ግን ለነፍሷ ነው፤ ይህን ሥራ የሰጣትም የነሣትም የለም። የበዓላቱን መምጣትና መሄድ የምታውቀው ከሰው በፊት በእጇ ነው። ከልደት በፊት ባሉት አራት ሳምንታት መሠዊያው ሐምራዊ ይለብሳል፣ በየሳምንቱ አንድ ሻማ ይጨመራል፤ አራተኛው ሲበራ ሐምራዊው ይወርድና ነጩ ይወጣል። ነጩ በልደትም በጥምቀትም ይቆያል፤ በአርባኛው ቀን ምእመናን ሻማቸውን አስባርከው ወደየቤታቸው ሲገቡ የብርዱ በዓላት አበቁ ማለት ነው፣ ያን ጊዜ እሷ በሰም የተበላሸ ጨርቅ በዘንቢል ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሰም እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ቡናማ ወረቀት ከላይም ከታችም ታደርጋለች፣ ለብ ባለ ካውያ ጫን እያለች ታልፍበታለች፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ወረቀቱ ይገባል፣ ጨርቁ እንደ አዲስ ይሆናል። ይህን ለማንም አስተምራ አታውቅም፤ አስተምሪኝ ያላትም የለም።

ተነሣችና ሥራዋን ቀጠለች። ሌላ ምን ታድርግ? ሐምራዊውን አወረደች፤ ነጩን ዘረጋች። ትናንት ማታ በስታርች አድርቃ የተኮሰችው ጨርቅ ከመሠዊያው ጠርዝ ላይ እንደ ሰሌዳ ቀጥ ብሎ ወረደ። በሌላ ዓመት ቢሆን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ ታየው ነበር። ቄሱ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉ። አዲስ ናቸው፤ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም፣ ዕድሜያቸውም ከእሷ ያንሳል። «እጅዎ ይባረክ፣ እትዬ» አሉ። «እርስዎ ባይኖሩ ይህ በዓል በምን ያምር ነበር?» እሷም አፏን ከፈተች። «አባ፣ የማታው ዝርዝር» ልትል ነበር። ስልካቸው ጮኸ። ስለ ማይክሮፎን እያወሩ፣ በነጻ እጃቸው ይቅርታ እየጠየቁ ሄዱ።

ከቀትር በፊት በአውቶቡስ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። በየዓመቱ በዚህ ቀን የበዓሉን የጠረጴዛ ልብስና የእሱን ሸሚዝ የምትተኩስላቸው እሷ ናት። ላለመሄድ ሳታስብ አልቀረችም። ግን ደግሞ ይነግረኛል አለች። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ «እቴቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ ነበር፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ» ይለኛል፤ እኔም ትንሽ እቆጣውና እሺ እለዋለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ቁጣውንም እሺታውንም አዘጋጀች። ሁለቱንም በየተራ ለራሷ ብላ አየቻቸው፤ እሺታው የተሻለ ቀለላት።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ሙቀት አለው፤ መስኮቱ በላብ ጭጋግ ለብሷል። የወንድሟ ሚስት በሩን ከፍታ ጉንጯን ሳመቻትና ወዲያው ዓይኗን ሰበረች። ያን ጊዜ ካውያ ይህችም ታውቃለች ማለት ነው ብላ ነገሩን ያዘችው። የመተኮሻው ጠረጴዛ ተዘርግቶላት ነበር። ውኃ ረጨት አደረገች፣ ጀመረች። ሴትየዋ ከጎኗ ቆማ የታጠፉትን ናፕኪኖች እየፈታች እንደገና ታጥፋለች። ስለ ብርዱ አወራች። ስለ አሳንሰሩ መበላሸት አወራች። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ውሻ እንዴት እንደሚያስቸግራቸው አወራች። ከዚያ ወሬው አለቀባት።

«እቴቴ» አለች በመጨረሻ፣ ናፕኪኑን እያየች። «ያችን ሰማያዊ ኮት ዛሬ ባትለብሻትስ?»

«የትኛዋን?»

«እኔ አምና የሰጠሁሽን። ማለቴ… ቆንጆ ናት። በጣም ታምርብሻለች። ግን ፎቶ አለ ይላሉ፤ እና ሰው ደግሞ ታውቂያለሽ፣ እንዲህ ለብሳ እያለ ይላል። ያችን አሮጌዋን ብታደርጊያት ብዬ ነው። ለዛሬ ብቻ።»

ካውያ ካውያውን አነሣችና በእግሩ አቆመችው። ሰማያዊዋ ኮት በሕይወቷ ያገኘችው የመጀመሪያዋ ገበር ያላት ኮት ናት፤ አምና በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ሳሎን፣ «ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የለበስኳት» ተብላ የተሰጠቻት። «እሺ» አለች። ለምን ፎቶ እንደሚነሣ አልጠየቀችም። ሴትየዋም ልትነግራት የጀመረች መስላ ነበር፣ ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ድስቱን አየት ላድርግ ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ እዚያም ድስት ሲከደንና ሲከፈት፣ ሲከደንና ሲከፈት ይሰማል።

ወንድሟ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። ሁለት መድኃኒት ቤት አለው፤ በዓል ሲደርስ ሁለቱንም ሮጦ አይቶ፣ በሮጠበት ሮጦ ይገባል። በካናቴራ ብቻ ሆኖ ሸሚዙን ለመቀበል ከፊቷ ቆመ። ጸጉሩ ከፊት ሳስቷል፤ ሆዱ ቀበቶውን አልፏል። እሷ ግን አሁንም ስታየው የሚታያት፣ እናታቸው በሞተች ዓመት እሷ የአስራ አራት ዓመት ልጅ ሆና ሰው ቤት ስትተኩስ፣ በልብስ ቅርጫት ውስጥ ካልታጠበ አንሶላ ላይ የሚተኛው የአራት ዓመት ልጅ ነው። ያን ጊዜ ጉንጩ ከመሙላቱ የተነሣ ድንቡሼ ነበር የምትለው። እጅጌውን ቀስ ብላ ነው የተኮሰችው። ጊዜ ልስጠው ብላ ነው። «ዛሬ ሰው ይበዛል አይደል?» አለችው። «ይበዛል» አለ። «ዝግጅቱ ተሟላ?» አለችው። «ተሟላ፣ ምንም አልጎደለም» አለና ሰዓቱን አየ። አንገትጌውን ስትጨርስ ሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። «ለእኔ የምትነግረኝ ነገር የለም?»

ወንድሟ ለአፍታ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር መጣ፣ ወዲያው ተመለሰ። «ምን ነገር?» አለ፤ ሸሚዙን ተቀብሎ እንደ ሞቀ ለበሰው። «እጅሽ ይባረክ፣ እቴቴ። አዎ፣ ለካ፣ ከፊት አካባቢ ተቀመጪ። ከኋላ ሆነሽ እንዳትጠፊብኝ።» ምሳውን በቁሙ ጎረሰና ወጣ። እንግዳውን ከቤቱ ሊያመጣ ስለሆነ መኪናው ውስጥ ቦታ የለም፤ ሚስቱና ልጆቹም ቢሆኑ ተጠጋግተው ነው። ሴትየዋ እስከ ደረጃው ሸኘቻትና በፎይል የተጠቀለለ ምግብ እጇ ላይ አስቀመጠች፤ እጇን ይዛ ቆየች። «እንዳትቀየሚን» አለች፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ። ካውያ «ኧረ ምን ቆርጦኝ» አለች። ሦስቱን ፎቅ ስትወርድ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ነው።

ቤቷ አንድ ክፍል ነው። መተኮሻው ጠረጴዛ መመገቢያም ነው፤ አልጋው ቀን ቀን ወንበር ነው፤ መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው፣ እሱንም እየዘነበ ከሆነ በደንብ አያሳይም። ከሆቴሉ ከወጣች ወዲህ ከሠፈሩ የሚመጣላት ሸሚዝና መጋረጃ ወንበሩ ጀርባ ላይ ተቆልሏል፤ ለበዓል ስለሚፈለግ ዛሬ ግማሹን ሰጥታለች። ፎይሉን ሳትፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባትሄድስ? ባትሄድ «አስረኛ» ተብሎ ይጠራል፣ ማንም አይወጣም፣ ወንድሟ ብርድ ልብስ ይዞ ይቆማል። እንዲያ ቆሞ ስታስበው አላሳቃትም። እስከ ዛሬ ሰው ፊት እንዲያፍር አድርጋው አታውቅም። ትምህርት ቤት ሲገባ የደንብ ልብሱ ከባለጸጎቹ ልጆች ሁሉ በላይ ቀጥ ያለ ነበር። አሮጌዋን ኮት ከሚስማሩ አወረደች። ክርኗ ላይ ተበልታለች፣ ቁልፏ አንድ የለም። ለበሰቻት። በር ድረስ ሄደች። ከዚያ ምን እንደ ገባባት እንጃ፣ ተመለሰችና አወለቀቻት፤ ሰማያዊዋን ለበሰች፤ እስከ አንገቷ ቆለፈቻት።

ጸሎቱ የተጀመረው አስር ሰዓት ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው በግድግዳው ዳርና ዳር ቆሟል፤ የኮትና የእርጥብ ሱፍ ሽታ አለ፤ አራቱም ሻማዎች በርተዋል። መዘምራኑ ከላይ ከሰገነቱ ሲጀምሩ ሕፃናቱ ግርግሙን ለማየት በወላጆቻቸው ትከሻ ላይ ወጡ። ቄሱ የሕፃኑን ምስል በሁለት እጃቸው ይዘው ከበሩ ጀምሮ እስከ መሠዊያው በመሀል መንገድ ሄዱና ጭዱ ላይ አስተኙት። በሌላው ዓመት እንባዋ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ዓይኗ ደረቀ። ከፊት በቀኝ በኩል ዘጠኝ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው አንድ ባዶ ወንበር አለ። ጸሐፊው መጥቶ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ወደዚያ እንድታልፍ ነገራት። ኮቷን አየ። ወደ ቦታው ተመለሰ። ከሁለተኛው ረድፍ የወንድሟ ሚስት አይታት አንገቷን ደፋች።

ከስብከቱ በኋላ ወንድሟ ወደ ማይክሮፎኑ መጣ። ስለ ፍቅር ተናገረ፤ ጥሩ ተናጋሪ ነው። እንግዳውን አመሰገነ፤ እንግዳው ብድግ ብሎ እጅ ነሣና ተቀመጠ። ጸሐፊው ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረ። አንድ በአንድ እየወጡ ከወንድሟ እጅ ብርድ ልብስ ይቀበላሉ፤ ፎቶ አንሺው «ቀና በሉ» ይላቸዋል፣ ቀና ይላሉ፣ ብልጭ ይላል፣ ሰው ያጨበጭባል። አስረኛ ላይ የመዝገብ ስሟን ጠራ። ሃያ ዓመት ሙሉ ካውያ ሲሏት የኖሩ ሰዎች ማን ናት እያሉ አንገታቸውን አሰገጉ። «ልብስ ተኳሽ፣ ባለቤታቸውን በሞት ያጡ» ብሎ ጨመረበት።

ልውጣ ወይስ ልቅር የሚለውን ገና አልወሰነችም ነበር። እግሯ ግን ስሟን ሰማና ተነሣ። እንግዲህ አንገቷን ደፍታ ተቀብላ ልትመለስ ነው። ለእሱ ስትል ስንቱን ውጣለች፣ ይሄንንም ትውጠዋለች። ሌላው ቢቀር አጠገቡ ስትደርስ በዓይኑ አንድ ነገር ይለኛል ብላለች፤ ይቅርታ ቢሆን፣ ቻይው ቢሆን። ደረሰች። ወንድሟ ብርድ ልብሱን ሰጣት፣ ፊቱን ወደ ፎቶ አንሺው አዞረና በማይክሮፎኑ፣

«እንኳን አደረሰዎት፣ እናቴ» አለ።

አንቱ አላት። ጡት አላጠባችውም እንጂ ሌላ ያላደረገችለት ነገር የለም፤ እስከ ዛሬ አንድ ቀን አንቱ ብሏት አያውቅም። ለሌላ ሰው ቢሆን ክብር ነው። እሷን ግን እንደማያውቃት፣ መንገድ ላይ እንዳገኛት አሮጊት ነው የጠራት። ብርድ ልብሱን በግራ ብብቷ አደረገችና ቀኝ እጇን አነሣች። ሰው ልትባርከው መስሎት ዝም አለ። እሷ የሸሚዙን አንገትጌ ያዘች፤ አንዱ ጫፍ ከከረባቱ በላይ ወጥቷል። መለሰችው፣ በአውራ ጣቷ ጫን ብላ አስተካከለችው።

«ድንቡሼ፣ ኮሌታህ ተገልብጧል እኮ» አለችው።

ማይክሮፎኑ ቅርብ ነበር። ድምፁ እስከ ሰገነቱ ወጣ። መጀመሪያ ልጆቹ ሳቁ፣ ከዚያ ትልልቆቹ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ከመዘምራኑ አንዷ «እህታቸው አይደለች እንዴ?» ስትል ተሰማ። ቄሱ ፊታቸው በደስታ በራ፤ ምንም አያውቁም። «ሊቀ መንበር፣ እህትዎ ናቸው?» አሉ።

ወንድሟ እንግዳውን አየ፤ ፎቶ አንሺውን አየ፤ ሁለተኛውን ረድፍ አየ። እሷን አላየም። ጆሮው ጫፍ ድረስ ቀልቶ ነበር፣ ድምፁ ግን ሲወጣ ምንም አልጎደለውም። «አባ» አለ፣ «በዚህ ቤት ሁላችንም ወንድምና እህት አይደለንም?»

ከኋላ አንድ ሰው «አሜን» አለ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ጭብጨባው ከዘጠኙ ሁሉ ይልቅ ለዚህ ደመቀ፤ እንግዳውም ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ካውያ ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆየች። ብርድ ልብሱን መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችው። «ያዝልኝ» ብቻ ነው ያለችው፣ ድሮ የተኮሰችውን ልታደርስ በሄደችበት በር ላይ ዘንቢሏን ታሲዘው እንደነበረው። ከዚያ በጎን በኩል ባለው በር ሳይሆን በመሀሉ መንገድ፣ በሰው ሁሉ ፊት አልፋ ወጣች። መዘምራኑ ቀጣዩን መዝሙር ጀመሩ።

የአውቶቡሱ ፌርማታ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አንድ አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ። ሌላም መጣ፤ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቃት፣ ዘጋና ሄደ። እየመሸ ነው፤ የመንገዱ መብራት አንድ በአንድ ይበራል። ሰዉ እየወጣ በደጀ ሰላሙ «እንኳን አደረሳችሁ» ይባባላል፣ ይሳሳማል። የወንድሟ መኪና በፊቷ አለፈች። መስኮቷ በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ከኋላ አንድ ልጅ በጣቱ ጭጋጉን አጥፍቶ ሲያይ ይታያል። መኪናዋ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ያዘች። ካውያ ልቧ ዘለለ። ቀይ መብራት ይዟት ኖሯል። አረንጓዴ ሲሆን ሄደች።

ከዚያ አንዲት ሴት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ከአስሩ አንዷ ናት። ብርድ ልብሱን ከነላስቲኩ ታቅፋዋለች። ዕድሜዋ ከካውያ ብዙም አይርቅም፤ ጫማዋ የወንድ ነው።

«አውቶቡሱ አልፏል?» አለች።

«ሁለት አልፏል።»

«ታዲያ ምን ይሠራሉ እዚህ?»

«እግሬ እምቢ አለኝ።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ይህ ለእሷ የታወቀ በሽታ እንደሆነ ሁሉ። «ብርድ ልብሱን ተዉት አይደል?» አለች። «ሞኝ ነዎት። ጥሩ ሱፍ ነው፣ አምና የሰጡን ነው ዝም ብሎ ቅጠል የነበረው።» ክፋት የለበትም አነጋገሯ።

«ወንድሜ ነው» አለች ካውያ። ማንም ሳይጠይቃት፣ እንዲሁ ከአፏ ወጣ።

«አውቄያለሁ። ኮሌታ እንደዚያ አድርጎ የሚያቃና ሌላ ማን አለ?» ሴትየዋ ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አመቻቸች። «የእኔም ወንድም እዚያው ነበር። ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ፣ ባለ ግራጫ ኮፍያው። በየዓመቱ ይመጣል። ስሜ ሲጠራ ያጨበጭብልኛል። ጥሩ ያጨበጭባል፣ እሱስ አይታማም።»

ካውያ ዞር ብላ አየቻት። አፍንጫዋ በብርድ ቀልቷል፣ ከቅንድቧ በላይ አሮጌ ጠባሳ አለ። የሚረሳ ፊት አይደለም። «ስንተኛ ዓመትዎ ነው?» አለቻት።

«ስድስተኛ።»

«እኔ ግን… አላስታውስዎትም።»

«የት ያስታውሱኛል። እኔ አውቅዎታለሁ እንጂ፣ እትዬ ካውያ። ወንበር የሚያሰልፉልን እርስዎ አይደሉ? ጠጋ በሉ፣ ጨርቁን እንዳትነኩብኝ፣ እጃችሁ ያቆሽሸዋል ይሉን የለ? እኔማ ከዚያ ወዲህ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የምቀመጠው።»

ይህን ስትል አልተቆጣችም። ስለ አውቶቡሱ እንዳወራችው ነው ያወራችው። ካውያ እውነት ብዬአለሁ ወይ ብላ አሰበች፤ ብላለች። በየዓመቱ ብላለች፤ ሲሉት የሚቀል፣ ሲሉት የማይሰማ ነገር ሆኖ። መልስ ፈለገች። ይቅርታ የሚለው ቃል እስከ ምላሷ መጣ፤ እዚያ ሲደርስ ግን ወንድሟ ቀን እቤቱ ሳለች በዓይኑ አምጥቶ የመለሰው ነገር ትዝ አላትና፣ የእሷም እንደሱ ተመለሰ።

አውቶቡሱ መጣ። ሴትየዋ ቀድማ ገባች፤ ከመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ሰብሰብ አደረገችና በእጇ ባዶውን ቦታ መታ መታ አደረገችላት፣ ይምጡ ለማለት። ካውያ ገባች። ከወንበሩ አጠገብ ስትደርስ «ጠጋ በሉ» የሚለው የራሷ ድምፅ መጣባት፤ የብረቱን ዘንግ ያዘች። አውቶቡሱ ተነሣ። ሴትየዋ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ወንበሩ ባዶውን ሄደ፤ ካውያም ቆማ ሄደች።